ፕላስተሩን በስብሰባ ጠረጴዛ ላይ ፈትነው ለመረጡልን ለክቡር ሰብሳቢ

ለተከበሩ የሕክምና መገልገያዎች መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የሰላም፣ ወንበርዎ የማይነቃነቅ፣ ከሁሉም በላይ ቆዳዎ ከአንገትዎ እስከ እግር ጥፍርዎ ድረስ አንዲት ጭረት ያላገኘው ይሆን ዘንድ ምኞቴ ነው። ዕድሜ ልኬን ደብዳቤ ስጽፍ የማንንም ሰው ቆዳ ደኅንነት ጠይቄ አላውቅም፤ ለእርስዎ ይህን ልዩ ክብር የሰጠሁበት ምክንያት ወደ ታች ሲወርዱ ይገለጥልዎታል።

እኔ ሰዋስው ሳስተምር ኖሬ በጡረታ የተገለልሁ ሰው ነኝ። በልጅነቴ ከመምህሬ እግር ሥር ቁጭ ብዬ ከተማርኋቸው ነገሮች አንዱ፣ ሹም ሲበድል አቤቱታ በመጀመሪያ በደጁ፣ ደጁ ሲዘጋ በአደባባይ ይሰማል የሚለው ነው። ሥርዓቱን ሳላፋልስ ደጅዎን ጠንቻለሁ። ጸሐፊዎ ምስጉን ሴት ናት፤ አንድ ቀን ስብሰባ ላይ እንዳሉ፣ ሌላ ቀን ለሥራ እንደወጡ፣ በመጨረሻም ሁለቱን አዳብላ ለስብሰባ ተቀምጠው ሳለ ለሥራ እንደወጡ ስትነግረኝ ከፊቷ አንዲት ጅማት እንኳ አልተንቀሳቀሰችም። እንዲህ ያለ ጽኑ ፊት ያላት ሠራተኛ ስላፈሩ አመሰግንዎታለሁ። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ያስነገርሁትም ለእርሷ ሸክም ላለመጨመር ነው፤ ተቀምጠውም፣ ወጥተውም፣ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ እያደረጉም ቢሆን ያገኝዎታል።

ከእርስዎ ሌላ የሚያነቡት ሰዎች ነገሩን ከሥሩ እንዲረዱት ትንሽ ላብራራ። ሴት ልጄ ከልጅነቷ ጀምሮ የስኳር ሕመምተኛ ናት። በወገቧ የታሰረች ትንሽ ፓምፕ፣ በሆዷ ቆዳ ሥር በገባች ቀጭን ቱቦ በኩል ኢንሱሊን ቀንና ሌሊት ጠብ ጠብ ታደርግላታለች። በክንዷ ላይ የተተከለች የሳንቲም ያህል ሴንሰር ደግሞ የስኳሯን መጠን እየለካች፣ ከፍ ወይም ዝቅ ባለ ጊዜ በስልኳ ትጮህላታለች። ሁለቱም የሰው ልጅ አእምሮ የተራቀቀባቸው መሣሪያዎች ናቸው። ነገር ግን ሁለቱንም ከሰውነቷ ጋር የሚያያይዛቸው ረቂቅ ጥበብ ሳይሆን ፕላስተር ነው። ፕላስተሩ ከለቀቀ ቱቦዋ ትወጣለች፤ ቱቦዋ ከወጣች ኢንሱሊን የለም፤ ኢንሱሊን ከሌለ የሚሆነውን ክቡርነትዎ ያውቁታል። አያውቁትም ብል በዚያ ወንበር ላይ ያለ ቦታዎ ተቀምጠዋል ማለት ይሆንብኛልና፣ እንዲህ ያለውን ድፍረት ከእኔ አይጠብቁ።

ልጄ የምትሠራው ልብስ አጥበው በሚተኩሱበት ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ በእንፋሎት ካውያ የሆቴልና የሆስፒታል አንሶላ ስትተኩስ ትውላለች። በዚያ ቤት ግድግዳው ያልበዋል፣ መስታወቱ ያልበዋል፣ ሰውማ ምኑ ይነገራል። ባልደረቦቿ ከወገቧ የምትወጣውን ቱቦ አይተው «ባለ ሽቦዋ» የሚል ስም አውጥተውላታል፤ እርሷም መብራት ሲጠፋ ካውያችሁን ከእኔ ላይ ሰክታችሁ ቀጥሉ እያለች ትመልስላቸዋለች። እንዲህ ባለ ቤት ስትሠራ በሕመሟ ምክንያት አንድ ቀን ከሥራ ጎድላ አታውቅም ነበር። ነበር ያልሁት፣ ያ ዘመን በክሊኒኩ መደርደሪያ ላይ ልዩ ልዩ ፕላስተር ተደርድሮ፣ እያንዳንዱ ሕመምተኛ ለቆዳውና ለሥራው የሚስማማውን ሞክሮ የሚወስድበት ዘመን ስለነበረ ነው። እርስዎ ግን ይህን ዝርክርክነት አይተው አዘኑልን። ለሁሉም አንድ ዓይነት፣ በአንድ ልክ፣ ከአንድ ሳጥን እንዲሆን ወሰኑልን። ሌላው ዓይነት ከመደርደሪያው ጠፋ፤ ወደ አገር የሚያስገባው የእርስዎ መሥሪያ ቤት ብቻ ነውና ከገበያውም አብሮ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ የዋሉልንን ውለታ በቅደም ተከተል ላስታውስዎ።

አንደኛ፤ ስለ ፈተናው አመሰግናለሁ። ኮሚቴው ፕላስተሩን እንዴት እንደመረጠ የሚያበሥር ማስታወቂያ ከነፎቶግራፉ በክሊኒኩ መግቢያ ተለጥፎ አይቻለሁ። በፎቶግራፉ ላይ የኮሚቴው አባላት በሚያብረቀርቅ የስብሰባ ጠረጴዛ ዙሪያ ቆመው፣ በጠረጴዛው ላይ የለጠፏቸውን ፕላስተሮች በየተራ ሲነቅሉ ይታያሉ። እርስዎ ራስዎ ኮትዎን አውልቀው፣ አንድ እግርዎን በጠረጴዛው እግር ላይ አስደግፈው፣ አልነቀል ካለው ፕላስተር ጋር ሲታገሉ፣ ከኋላዎ የቆሙት ሁለቱ በሳቅ ሊፈነዱ ደርሰዋል። ማስታወቂያው እንደሚለው ያ አልነቀል ያለው አሸነፈ። ስስ የሆነው፣ ከቆዳ ጋር የሚለጠጠውና አየር የሚያሳልፈው ግን በአንድ ጣት ተነሥቶ የመጨረሻውን ደረጃ ያዘ።

ክቡር ሆይ፣ ጠረጴዛ አያልበውም። አይጎነብስም፣ አይዘረጋም፣ ሲተኛ በጎኑ አይገላበጥም፣ ቆዳውንም አያድስም። ሰው ግን ይህን ሁሉ ያደርጋል። አየር የማያሳልፍ ፕላስተር ላብን ከሥሩ ያቁራል፤ የታቆረው ላብ መውጫ ሲያጣ ፕላስተሩን ከዳር ከዳር ያነሣዋል፤ መሐሉ ግን ሙጭጭ እንዳለ ይቀርና ሲነቅሉት ቆዳውን ይዞ ይወጣል። ሊይዝ በሚገባው ጊዜ ይለቃል፣ ሊለቅ በሚገባው ጊዜ ይይዛል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ጠባይ በሰው ላይ፣ ይልቁንም በሥልጣን ላይ በቆየ ሰው ላይ፣ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ በፕላስተር ላይ ሲገለጥ ያየሁት ግን በእርስዎ ዘመን ነው። ምናልባት ያ ጠረጴዛ አንድ ቀን የስኳር ሕመም ቢይዘው፣ እንደ እርሱ ያማረ እንክብካቤ የሚደረግለት ሕመምተኛ በምድር ላይ አይገኝም።

ሁለተኛ፤ አንዱን ፕላስተር ለሁለት ሥራ ስለሾሙልን አመሰግናለሁ። የፓምፑ ቱቦ በየጥቂት ቀኑ ቦታ ስለሚለውጥ ፕላስተሩ ያለ ጉዳት የሚነሣ መሆን አለበት፤ ሴንሰሯ ግን ለረጅም ቀናት አንድ ቦታ ስለምትቀመጥ ዳሩ የማይላቀቅ ጽኑ ፕላስተር ትፈልጋለች። የእርስዎ ምርጫ ለሁለቱም የማይሆን በመሆኑ በሁለቱ መካከል አድልዎ አላደረገም። ሴንሰሯ የምታልፍበት ቀዳዳም የለውም፤ ከእርሱ ጋር የተላከው መመሪያ ደግሞ ፕላስተሩን በመቀስ መቁረጥ ክልክል ነው ይላል። ሕመምተኛው በጥርሱ ይቦድሰው እንደሆነ መመሪያው አልገለጸም።

ሦስተኛ፤ ስለ ንጽሕና ስለሰጡን ትምህርት። የልጄ ቆዳ በመጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ አሳከካት፣ በመጨረሻም ፕላስተሩ በተነቀለበት ልክ አራት ማዕዘን ሆኖ ተላጠ። ወደ መሥሪያ ቤትዎ ሄዳ ቁስሏን አሳየች። የተሰጣት መልስ፣ ፕላስተሩ በኮሚቴ የተፈተነ ስለሆነ ነቀፋ እንደሌለበት፣ ችግሩ የመጣው ከግል ንጽሕና ጉድለት እንደሆነና ወደፊት ላብ ከሚያመጣ ሥራ ብትቆጠብ መልካም እንደሚሆን ነበር። አበው ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይላሉ። ክቡርነትዎን ቡዳ ብያለሁ እንዳይሉኝ፤ ተረቱን ብቻ ነው የጠቀስሁት፣ የሚመለከተው ሰው ራሱ ያውቃል።

የሰውን ሁሉ እድፍ በእጇ የምታነጻን ሴት ቆሻሻ ነሽ ለማለት እንዴት ያለ ልብ እንደሚያስፈልግ ብዙ ቀን አስቤበታለሁ። እናቷ ካረፈች ወዲህ ልጄን ያሳደግኋት እኔ ነኝ። እጇን ሳትታጠብ እህል አልቀመሰችም፤ ቆዳዋን በአልኮል ሳታጸዳ፣ አልኮሉም እስኪደርቅ ሳትጠብቅ ፕላስተር ለጥፋ አታውቅም። ከቤቴ ቆሻሻ ነገር ወጥቶ አያውቅም፤ ቆሻሻ ወደ ቤቴ ከገባም በእርስዎ ማኅተም ታትሞ የገባው ነው። ያን ቀን ልጄ ከመሥሪያ ቤትዎ ተመልሳ ገላዋን ልትታጠብ ገባች፤ የውኃው ድምፅ ሳይቋረጥ ቆየ። በቀል የፈጣሪ ናት ብዬ ለስንት ደቀ መዝሙር ያስተማርሁ ሰው፣ የውኃውን ድምፅ እየሰማሁ ትምህርቴን ለጊዜው አስቀመጥሁት። ገና አላነሣሁትም።

አራተኛውን በአጭሩ እጽፈዋለሁ፤ ስለ እርሱ ረጅም ዓረፍተ ነገር ለመገንባት እጄ እምቢ ብሎኛል። አንድ ጠዋት ልጄ የሥራ ካፖርቷን ስትለብስ፣ ላብ ያነሣው የፕላስተሩ ዳር በእጅጌዋ ተያዘና ሴንሰሯን ይዟት ወጣ። ስለዚህ የሚጮህላት አልነበረም። በዕረፍት ሰዓት ጣቷን ወግታ ስኳሯን ልትለካ አስባ ወደ ካውያዋ ገባች። ያን ዕለት ሥራ በዝቶ ዕረፍቱ ቀረ። ከሆዷ ላይ ያለው ፕላስተርም በላብ ተንሸራቶ ቱቦዋን አወጣት፤ ኢንሱሊኑ ወደ ሰውነቷ መግባቱ ቀርቶ ልብሷን ያረጥብ ጀመር። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው ጥማቱን ከእንፋሎቱ ቆጠረችው፤ ባልደረቦቿም ባለ ሽቦዋ ቧንቧውን አደረቀችው እያሉ ሳቁባት፣ እርሷም አብራ ሳቀች። አንዷ ዛሬ ክሊኒክ ክሊኒክ ትሸቻለሽ ብላ ቀልዳባት ነበር፤ የሸተታት በልብሷ ላይ የፈሰሰው መድኃኒት መሆኑን ያወቀችው በኋላ ነው። ከዚያም አስመለሳት። ከዚያም ራሷ ተኩሳ ባጠፈችው አንሶላ ክምር ላይ ወደቀች።

ሆስፒታል ስደርስ ደሟ ወደ አሲድነት ተለውጦ፣ ትንፋሿ እንደ ሯጭ ሆኖ አገኘኋት። ስሟን ስጠራት ዓይኗን ገልጣ አየችኝ፤ ግን አላወቀችኝም። ሐኪሙ በሆዷ ላይ ያለውን ፕላስተር አሳየኝ፤ ቱቦዋ ወጥታ ከሥሩ ታጥፋ ተኝታለች፣ የፕላስተሩ መሐል ግን አሁንም እንደ መዥገር ነክሶ ይዟል። ለመንቀል ሁለት ሰው ተረባረበበት። የኮሚቴውን ፈተና በዚያች አልጋ ላይ ዳግመኛ አለፈ።

ልጄ ተርፋለች፤ ተመስገን። ሐኪሙ ግን እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ድረስ ፓምፑ በሰውነቷ ላይ በደኅና ካልተቀመጠ ነቅሎ ወደ መርፌ እንደሚመልሳት ነገረን። የመተኮሻ ቤቱ ኃላፊም፣ ሰው ክፉ ሆኖ ሳይሆን ፈርቶ፣ መሣሪያዋ የማይታመን ከሆነ በእሳትና በእንፋሎት አጠገብ ሊያቆማት እንደማይችል አስታወቃት። ለክቡርነትዎ አንድ ሳጥን የሆነው ነገር ለልጄ የሰውነቷ ጤናና የእጇ ሙያ ሆኖ ቀጠሮ እየጠበቀ ነው።

አምስተኛ ብዬ ልቀጥል ብዕሬን ካነሣሁ በኋላ የሚከተለው ነገር ደረሰ። በደል ይሁን ውለታ ራሴም ስላልለየሁት ቁጥር አልሰጠሁትም።

ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ ልጄን ለክትትል ይዤ ወደ ክሊኒኩ ሄድሁ። በተጠባባቂዎች ወንበር ላይ አንዲት አዛውንት ተቀምጠው ነበር። የክሊኒኩ ሰው ሁሉ «እማማ ከረሜላ» ይላቸዋል፤ ራሳቸው የስኳር ሕመምተኛ ሆነው ሳለ ድንገት ስኳሩ ለሚወርድበት ሰው ሁሉ ከቦርሳቸው ከረሜላ ስለማይለይ ነው። ሐኪሞቹንም ሳይቀር ጉንጭህ ገርጥቷል እያሉ ያጎርሷቸዋል። የልጄን ክንድ ባዩ ጊዜ ሳቃቸው ቆመ። ማን ነው እንዲህ የላጠሽ ብለው ጠየቋት፤ ልጄም ፕላስተር ነው አለቻቸው። እርሳቸውም ከቦርሳቸው ከከረሜላው ሥር ስስ፣ ለስላሳ፣ ዳሩ ክብ፣ መሐሉ ቀዳዳ ያለው ፕላስተር አወጡ። ቅባት በተቀባ ቆዳ ላይ እንዳትለጥፊ፣ ከለጠፍሽ በኋላ እስኪሞቅ ድረስ በመዳፍሽ ያዥው፣ ስታነሺው ደግሞ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን እየለጠጥሽ፣ ካስቸገረሽም ዳር ዳሩን ዘይት አስነክተሽ አንሺው እያሉ መከሯት። የራሳቸውን ክንድ ገልጠውም አሳዩአት። ቆዳቸው በዕድሜ እንደ ወረቀት ሳስቷል፤ ግን ጭረት አልነበረበትም።

ይህ ዓይነት ከገበያ ከጠፋ መሰንበቱን ነገርኋቸውና ከየት እንዳገኙት በትሕትና ጠየቅሁ። እርሳቸውም እናት በልጇ ስትኮራ በሚታይ ፊት እንዲህ አሉ፦

«ልጄ ነው የሚያመጣልኝ። ለፈተና ከመጣው የተረፈ ነው። ከውድድሩ ወድቋል፣ ለአንቺ ግን የሚሆነው ይሄ ነው፤ የመሥሪያ ቤቱን እንዳትለጥፊ እማዬ፣ ይልጥሻል አለኝ።»

የልጃቸው መሥሪያ ቤት የት እንደሆነ ጠየቅሁ፤ ነገሩኝ። ማዕርጉን ጠየቅሁ፤ እርሱንም ከነክብሩ ነገሩኝ። ክቡር ሆይ፣ የእርስዎን ማዕርግ ከእናትዎ አፍ ሰማሁት።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ የማያውቁ ሰው አድርጌ እቆጥርዎ ነበር። አለማወቅ በደል ነው፤ ነገር ግን ይማራል፣ ይታረማል፣ ይቅርም ይባላል። እርስዎ ግን ያውቁ ኖሯል። የጠረጴዛውን ፈተና ለእኛ፣ የቆዳውን ፈተና ለእናትዎ አድርገው ኖሯል። እናትን ማክበር የታዘዘ ነውና በዚህ አልከስዎትም። የምከስዎት የሌላውን ሰው እናትና ልጅ ቆዳ ከጠረጴዛ ስለቆጠሩት ነው።

ለአዛውንቷ ልንገራቸው ወይስ ልተው ብዬ አመነታሁ ብል ውሸት ይሆናል። አላመነታሁም። ፈተናውን፣ ማስታወቂያውን፣ ስለ ንጽሕና የተባለውን፣ የአንሶላውን ክምር፣ ሁሉንም ልክ በልኩ ነገርኋቸው። የእርስዎን ስም ከአፌ አላወጣሁም፤ ማውጣትም አላስፈለገኝም። እርሳቸው ሰምተው ጨረሱ። ከዚያም ልጄን ከመጋረጃው ጀርባ ወስደው ሆዷን እንድታሳያቸው ለመኗት። ሲመለሱ በቦርሳቸው ያለውን ለስላሳ ፕላስተር ሁሉ አንድ ሳይቀር በልጄ ጭን ላይ ዘረገፉት።

እኔ ከበዳዬ ቤት የወጣ ስጦታ በእጄ አልነካም ብዬ ቆምሁ። ሰው ክብሩን ጠብቆ ይኖራል እንጂ በጠላቱ ምጽዋት አይድንም የሚል ሐሳብ ይዤ ለመናገር ጉሮሮዬን ሳጠራ፣ ልጄ ፕላስተሩን እየሰበሰበች ቀና ብላ አየችኝ።

«አባዬ፣ ኩራትህን አንተ ለጥፈው፤ እኔ ይሄን እለጥፋለሁ» አለችኝ።

በተጠባባቂው ወንበር ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ተቀመጥሁ። ልጄ ከሕመሟ ወዲህ ስትቀልድ የሰማኋት ያን ጊዜ ነውና መሸነፌ አላሳፈረኝም።

ቀጥሎ የሆነውን ግን ለመከልከል ሞክሬአለሁ፤ ምስክር አለኝ። እናትዎ ከክንዳቸው ላይ ለስላሳውን ፕላስተር በእርጋታ አነሡና ልጄን ያንቺን ስጪኝ አሏት። ልጄ እጇን ሰበሰበች። እኔም የአዛውንት ቆዳ ሲነቀል ከወጣት ቆዳ ይልቅ እንደሚቀደድ፣ የሚቀጣው ሰው ሌላ መሆኑን አስረዳኋቸው። እርሳቸው ግን የመሥሪያ ቤትዎ ማኅተም ያለበትን ፕላስተር ከእጇ ወስደው በሴንሰራቸው ዙሪያ አንድ በአንድ ለጠፉና በመዳፋቸው ተጫኑት።

«ልጄ የፈረደውን እኔ ካልለበስሁት ማን ይልበሰው?» አሉ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ለስላሳውን አንነካም ብለው ምለዋል፤ መሐላቸው የሚፈታው ለተራው ሕመምተኛ ሁሉ በመደርደሪያው ላይ የተቀመጠ ቀን ብቻ ነው። የልጄ ፓምፕ በእርሳቸው ስጦታ እነሆ ሳይነቃነቅ ሰንብቷል፤ ቁስሏም መጠገግ ጀምሯል፤ ወደ ካውያዋም ተመልሳለች። ነገር ግን በእጇ ያለው ፕላስተር ከቀጠሮዋ ቀን አያሻግራትም። የፈተናው ትርፍ አልቋል፤ ከእንግዲህ ያለው ሁሉ በእርስዎ ፊርማ የሚመጣ ነው።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ የምጠይቅዎት ትንሽ ነው። ልዩ ልዩውን ፕላስተር ወደ መደርደሪያው ይመልሱ። ለቱቦው በቀላሉ የሚነሣ፣ ለሴንሰሩ የሚጸና፣ ለሚያልበው አየር የሚያሳልፍ፣ ቆዳው ለሚቆጣ ሰው ከሥሩ የሚቀባ መከላከያ ይኑር። ሕመምተኛው በራሱ ቆዳ ላይ፣ በራሱ ሥራ ውስጥ፣ በራሱ ላብ ሞክሮ ይምረጥ። ልጄን ቆሻሻ ያሏት ቃል ደግሞ በተነገረበት መስኮት ላይ፣ በዚያው ሰው አፍ፣ ሕዝብ እየሰማ ይመለስ። ይህ ሳይሆን ቢቀር እኔ ጡረተኛ ነኝ፤ ጊዜ አለኝ፤ ሰዋስውም አውቃለሁ። ልጄ ስኳሯን የምትለካውን ያህል ደብዳቤ መጻፍ እችላለሁ፤ እያንዳንዱም ካለፈው የበለጠ ትሕትና ያለው ይሆናል።

ስለ ሰፊ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ጠባብ በርዎ፣ ለእናትዎ ስላሳዩት ፍቅርና ለእኛ ስለነፈጉት እጅግ አድርጌ እያመሰገንሁ፣ ሹመትዎ እስከሚመረመር ድረስ ይለመልም ዘንድ የምመኝ፣

በፊትዎ ለመቆም ያልታደልሁ ታዛዥ ባለጉዳይዎ፣
የባለ ሽቦዋ አባት፣ የቀድሞ የሰዋስው መምህር።

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ለጋዜጣው ከመስጠቴ በፊት ለእናትዎ አንብቤላቸዋለሁ። ከውስጡ አንድ ቃል አላስወጡኝም፤ አንድ ነገር ብቻ እንድጨምር አዘዙኝ። ሴንሰራቸው የሚቀየርበት ቀን ደርሷል፤ ፕላስተሩ ያለበት የክንዳቸው ጀርባ እጃቸው አይደርስበትም፤ ክሊኒኩ ውስጥ ካሉት ነርሶችም ማንም እንዳይነካባቸው ከልክለዋል። ልጄ መጥቶ በገዛ እጁ ይንቀልልኝ ብለዋል። ቤታቸውን እንደማያጡት አምናለሁ። ሲነቅሉላቸው ምንም ድምፅ እንደማያሰሙ ነግረውኛልና፣ ቆዳቸው አብሮ እየተላጠ እንደሆነ ለማወቅ ዓይንዎን ከክንዳቸው እንዳያነሡ አደራ እላለሁ።